የተረፈው ካፕሱል

ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ ደብዳቤ ልከውልናል። የጻፈችላቸው የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች የልጅ ልጃቸው ብትሆንም ቃሉ የራሳቸው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ጥያቄያቸው ስለ ምራታቸውና ስለ ውሻቸው ነው። የሰውንና የውሻን ነገር በአንድ ደብዳቤ ማቅረባቸውን ነውር አድርጎ የሚቆጥር አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን ደጋግመን ካነበብነው በኋላ ጥያቄው አንድ ሆኖ ስላገኘነው ሳንነጣጥል ልንመልሰው ወድደናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምራታቸው ምጥ ጠንቶባት በኦፕራሲዮን ወለደች፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ከሆስፒታል ሲሸኟት ግን ለቁስሉ የሚሆን ካፕሱል አልተሰጣትም። ባልየው ሲጠይቅ «ከመቀደዷ በፊት በደም ሥሯ መርፌ ተሰጥቷታል፤ ከእንግዲህ አያስፈልጋትም» ተባለ። እሱም «ሆዷ ተቀዶ እንዴት ባዶ እጇን ትሸኛለች?» በማለት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካፕሱል ገዝቶ አመጣላት። ሦስት ቀን እንደ ዋጠች ሆዷን አወካትና ተወችው። የተረፈውም ሙዳይ ውስጥ ተቀመጠ።

ወር ሳይሞላ ደግሞ የቤቱ ውሻ ቡቺ ከበቆሎ እሸት የተጣለ ቆረቆንዳ ዋጠ። አራት ቀን ሙሉ ሲያስመልስ፣ ምግብ ሲያስጠላው፣ ጀርባውን አጉብጦ ሲያቃስት ከረመ። ውሻው ሌሊት ጅብ፣ ቀን ዝንጀሮ የሚጠብቅ በመሆኑ የቤቱ ታናሽ ልጅ እንዲሁ ሲሞት ማየት አልሆነለትም። በባጃጅ አሳፍሮ፣ ከዚያም መኪና ለምኖ ደሴ ድረስ አደረሰው። ሆዱ ተከፍቶ ቆረቆንዳው ከነሽታው ወጣ። የእንስሳት ሐኪሙም ውሻውን ሲያስረክብ «አብሽሩ እናቴ፤ መርፌውን ከመቅደዴ በፊት ወግቼዋለሁ። ሌላ መድኃኒት አይጨመርበትም፤ ምግቡንና ስፌቱን ብቻ ይጠብቁልኝ» አላቸው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ከደብዳቤው እንዳለ እናስፍረው። «ጎረቤቶቼ የምራትሽን ካፕሱል ለውሻው ስጪው ይሉኛል። ለሰው የከለከሉትን ለውሻም ከለከሉ። እውነት የማያስፈልግ ሆኖ ነው? ወይስ ድሀ መሆናችንን አይተው ነው?»

እናታችን፣ ከመጨረሻው እንጀምርልዎ። እርስዎ እንደጻፉት ከሆነ ሁለቱም ሐኪሞች ያደረጉት በዓለም ላይ የተሻለ የሚባለውን አሠራር ነው። የባለጸጋ ሚስት በትልቅ ከተማ ሆስፒታል ያለ ሌላ ችግር በኦፕራሲዮን ብትወልድ የሚገባት ይኸው ከመቀደዷ በፊት የሚሰጠው አንድ መርፌ ነው። እርግጥ የምራትዎን ካርድ አላየንም፤ ስለ እርሷ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ያከማት ክፍል ነው። ቢሆንም «አያስፈልግም» መባሉ የንቀት ምልክት አለመሆኑን በልበ ሙሉነት ልንነግርዎ እንችላለን።

ጥርጣሬዎ ያለ ምክንያት እንዳልመጣ እናውቃለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴው ሆስፒታል ሳይቀር በደቡብ ወሎ የሚገኙ ብዙ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ሕዝቡ «መድኃኒት የለም» የሚለውን ቃል ለምዶታል። የለመደ ጆሮ ደግሞ «አያስፈልግም» ሲባልም «የለም» ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ማንኛዋም እናት ከሐኪም ፊት ስትቆም «ጠፍቶ ነው ወይስ አያስፈልግም?» ብላ በግልጽ ብትጠይቅ ነውር የለበትም። የጠፋ ከሆነ የት እንደሚገኝ ይነገራታል፤ የማያስፈልግ ከሆነም ምክንያቱን ትሰማለች። ሐኪሞችም ቢሆኑ ሁለት ደቂቃ ወስደው ምክንያቱን ቢያስረዱ ኖሮ ይህ ቤተሰብ ገንዘቡን ለካፕሱል ባላወጣ ነበር።

ወደ ምክንያቱ እንግባ። ለዚህም ከአንጀት የተሻለ አስተማሪ የለም።

በግ ታርዶ አንጀትና ጨጓራ ያጠበች ሴት አንጀት ምን እንደሆነ ከብዙ ሰው ይልቅ ታውቃለች። ሲፋቅ ውስጡ ልሙጥ ሆኖ ይላጣል፤ ውጭው ስስ ሆኖ ያበራል፤ በመካከል ግን ቢጎትቱት በቀላሉ የማይበጠስ ስስ ብርቱ ሽፋን ይቀራል። የአንጀት ጉልበት ያለው በዚህ ሽፋን ነው። የበገና አውታር የሚገመደው ከበግ አንጀት ነው፤ ክራርም ናይለን ሳይመጣ በፊት በአንጀት አውታር ነበር የሚቃኘው። አምባሰል ስሙን በሰጠው ቅኝት ስንቱ ዘፋኝ ልባችንን ሲያባባ የኖረው እንግዲህ በዚሁ በብርቱው ሽፋን ላይ ነው። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ሲሰፉበት የኖሩት፣ ሰውነት ውስጥ ቆይቶ የሚሟሟው ክርም ከበግ አንጀት ከዚሁ ሽፋን ይሠራ ነበር።

የቀዶ ሕክምና ጠበብት ግን ይህን ለማወቅ ጊዜ ወስዶባቸዋል። አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣው ጽሑፍ የውሾችን አንጀት እየቆረጠና መልሶ እየሰፋ ባደረገው ሙከራ፣ መርፌው ያንን ብርቱ ሽፋን ካልያዘ ስፌቱ እንደማይጸና አሳየ። ዛሬም ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው አንጀት የሚሰፋ ሐኪም ይህን ሽፋን ሳይዝ አያልፍም። ስለዚህ የአንጀት ሕክምና ከውሻ የተማረው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ማንሳትም ያን ያህል የሚያሳፍር አይደለም።

ስፌት ብቻውን ግን አይበቃም። አንጀት ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ጨጓራና የላይኛው ቀጭን አንጀት ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን ይበዛሉ። በወፍራሙ አንጀት ውስጥ በአንድ ግራም ዓይነ ምድር መቶ ቢሊዮን ያህል ይገኛሉ። በቦታቸው ሲኖሩ ምግብ በመፍጨት ያግዛሉ፣ ሌሎች ክፉ ተውሳኮችንም ቦታ ያሳጣሉ። ከአንጀት ወጥተው ወደ ሆድ ዕቃ ከፈሰሱ ግን በሰዓታት ውስጥ ሆድን የሚያመግል፣ ሰውንም ውሻንም የሚገድል በሽታ ያስከትላሉ።

ከዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ አንድ ሥራ ማንሳት ይገባል። ኢሲዶር ኮንና ሪቭስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በኒው ኦርሊንስ ከተማ የውሾችን ወፍራም አንጀት ቆርጠው ከሰፉ በኋላ፣ ወደ ስፌቱ የሚሄደውን የደም ሥር ሆን ብለው ዘጉ። ደም ያጣ ስፌት እንደማይድን ሁሉም የሚያውቀው ነበር። ታዲያ ለገሚሶቹ ውሾች በቀጭን ቱቦ ቴትራሳይክሊን ወደ ስፌቱ ቦታ እንዲፈስ አደረጉ፤ ለሌሎቹ አላደረጉም። መድኃኒት ያላገኙት በብዛት ስፌታቸው ፈርሶ ሞቱ፤ ያገኙት ግን አብዛኞቹ ድነው ተነሡ። በዚህም ስፌትን የሚያፈርሰው የደም ማነስ ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያም ጭምር እንደሆነ ታወቀ። ለእነዚያ ውሾች ማንም ሐውልት አላቆመላቸውም። በእነሱ የተገኘው እውቀት ግን ዛሬ ወደ ቡቺ ተመልሷል።

ይህ ሙከራ መድኃኒቱ እንደሚረዳ ቢያሳይም መቼ መሰጠት እንዳለበት አልመለሰም። የእርስዎ ጥያቄ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ከቦስተን ነው። ጆን በርክ የተባለ ሐኪም፣ በዚህ ጊዜ በውሻ ሳይሆን ጊኒ ፒግ በምትባል ትንሽ እንስሳ ቆዳ ላይ፣ ባክቴሪያ እያስገባ መድኃኒቱን በተለያየ ሰዓት ሰጠ። ባክቴሪያው ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ከነበረ ቁስሉ እምብዛም አላመገለም። እየዘገየ በሄደ መጠን ጥቅሙ ቀነሰ። ከሦስት ሰዓት በኋላ የተሰጠው ግን ጨርሶ ካልተሰጠው ጋር እኩል ሆነ።

ምክንያቱ ሲገለጽ ማንም ይረዳዋል። መድኃኒቱ በደም ተጉዞ ወደ ሥጋው ይደርሳል። ቆዳ ሲቀደድ መድኃኒቱ በየሥጋው አስቀድሞ ከተሰራጨ፣ የሚገባው ባክቴሪያ ገና ሳይራባ ይመታል። ከተቀደደና ከተሰፋ በኋላ ግን የቁስሉ ጠርዝ ያብጣል፣ ደም ይረጋበታል፣ ደቃቅ የደም ሥሮችም ይደፈናሉ። ባክቴሪያውም ከረጋው ደም ሥር ተሸሽጎ ይራባል። ያን ጊዜ በአፍ የሚዋጠው ካፕሱል ይደርሳል ቢባል እንኳ የመከላከሉ ሰዓት አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት አባቶች ይህን ነገር ሳያውቁ በትክክል ተርተውታል።

በሰው ላይስ? እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የ2,847 ታካሚዎች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። ከመቀደዳቸው በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ1,000 ሰው 6 ያህሉ ብቻ ቁስላቸው አመገለ። ከተቀደዱ ሦስት ሰዓት አልፎ ከወሰዱት ደግሞ ከ1,000 ሰው 33ቱ። እጅግ ቀድመው፣ ማለት ከሁለት ሰዓት በፊት የወሰዱትም አልተጠቀሙም፤ ከ1,000 ሰው 38ቱ አመገለባቸው። ልብ በሉ፤ ልዩነቱን ያመጣው የተሰጠበት ሰዓት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለመከላከያ የሚሰጠው መድኃኒት ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥ፣ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ደግሞ ለመከላከል ተብሎ እንዳይቀጥል መክሯል። በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶችም ከዚያ ቀደም ሲል በ2015 አንድ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት፣ ያውም ቆዳ ሳይቀደድ፣ እንዲሆን ደንግጓል። የእንስሳት ሐኪሞችም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ። መርፌውን ከመቅደዳቸው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ኦፕራሲዮኑ ከረዘመ መሐል ላይ ይደግሙታል፤ ከዚያ ያቆማሉ። የምራትዎና የቡቺ ነገር አንድ የሆነው እንግዲህ በዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን አንብባ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት የምታቋርጥ እናት እንዳትኖር አደራ እንላለን። መከላከልና ማከም ይለያያሉ። አንጀቱ አስቀድሞ ተበስቶ ሆድ ውስጥ መግል የተገኘበት ሰው ወይም ውሻ፣ የእንሽርት ውሃዋ ቀድሞ ፈስሶ ትኩሳት የያዛት ወላድ፣ ቁስላቸው ያመገለ ሁሉ በሽታው ገብቶባቸዋልና ለቀናት የሚወሰድ መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል። የታዘዘውን በታዘዘው ሰዓትና ቀን መጨረስ ግዴታ ነው። ያልታዘዘውን ከሱቅ መጨመር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መርፌው ብቻውን ቁስልን አይጠብቅም። የታጠበ እጅ፣ የተቀቀለ መሣሪያ፣ የታካሚው ሰውነት በኦፕራሲዮኑ ጊዜ አለመብረዱ፣ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። በቤት ውስጥ የሚደረግ አንድ ነገር ደግሞ እናንሳ። ብዙ ሴቶች ወደ ሆስፒታል ከመሄዳቸው በፊት «ንጹሕ ልሁን» ብለው የሆዳቸውን የታችኛውን ክፍል በምላጭ ይላጫሉ። ምላጭ በዓይን የማይታይ ቁስል እየፈጠረ ለተውሳክ በር ስለሚከፍት ይህ ባይደረግ ይሻላል። ጠጉሩ መነሳት ካለበት ሐኪም ቤት በመቁረጫ ማሽን ይቆረጣል። ገላን በሳሙና መታጠብ ግን ሁልጊዜም መልካም ነው።

ምራትዎ ከእንግዲህ የሚያስፈልጋት ጥንቃቄ ብዙ ወጪ የለውም። ስፌቱ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ይጠበቅ። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም ተከፍቶ የሚነሰነስ የካፕሱል ዱቄት አይደረግበት። የካፕሱሉ ነገር በከተማም በገጠርም ተለምዷል። ዱቄቱ ቁስሉ ላይ ቅርፊት ሠርቶ መግሉን ከሥር ይደብቃል እንጂ አያድንም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ የሚል ስሜት ከመጣ፣ ስፌቱ ከቀላና ከጋለ፣ መግል ካወጣ ወይም ከተከፈተ፣ ከማኅፀን የሚወርደው ከሸተተ፣ ሆድ ከተነፋ፣ ያን ጊዜ ሙዳይ መክፈት ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። መንገዱ ከራቀ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትጠራ።

ወደ ቡቺ እንመለስ። የተሰፋ አንጀት በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት የሚይዘው በክሩ ብቻ ነው። አካሉ አዲስ ሥጋ ገና መሥራት መጀመሩ ነው፤ አሮጌውን ግን እየሸረሸረ ስለሚያነሳ ስፌቱ በእነዚህ ቀናት ከመጀመሪያውም ቀን ይልቅ ይላላል። ስለዚህ አደገኛዎቹ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያሉት ናቸው። ከዚያ በኋላ እየጠነከረ ሄዶ በሁለት ሳምንት አብዛኛውን ጉልበቱን ያገኛል። በእነዚያ ቀናት ውሻው ጥሩ ሲበላ ቆይቶ ድንገት ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰ፣ ሆዱ ሲነካ ካቃሰተ፣ ካንቀጠቀጠውና ጥግ ይዞ ከተኛ ስፌቱ አፍስሶ ይሆናልና ለነገ ሳይባል ወደ ሐኪሙ ይመለስ። በዚህ ጊዜ ካፕሱል መስጠት ቀን ማባከን ነው፤ የሚያድነው ሆዱ ተከፍቶ መታጠቡና እንደገና መሰፋቱ ነው።

ሐኪሙ አንጀቱን ሰፍቶ ሲጨርስ በሞራ ሸፍኖት ይሆናል። ሞራ ስንል ያው በጉ ሲታረድ አንጀቱን እንደ መረብ ለብሶ የምናገኘው ነው። ብዙዎቻችን ሞራን ለጥብስ እንጂ ለሌላ የተፈጠረ አይመስለንም። በሕይወት ባለ እንስሳ ግን ሞራ የሆድ ዕቃ ዘበኛ ነው። የተጎዳ ቦታ ሲኖር ይጠመጠምበታል፣ ደም ያመጣለታል፣ የሚያፈስሰውንም ይደፍናል። ቀዶ ሐኪሞች በሰውም በእንስሳም ይጠቀሙበታል።

ምግብን በተመለከተ የቀድሞው ልማድ የተሰፋ አንጀት ይረፍ ተብሎ ለቀናት ማስራብ ነበር። ዛሬ ግን ተቃራኒው ተረጋግጧል። ማስመለሱ ከቆመ፣ ውሻው ከነቃ ሰዓት ጀምሮ ባለው አንድ ቀን ውስጥ ጥቂት ጥቂት ምግብ መቅመስ አለበት። አንጀት ሲሠራ ደም ይመላለስበታል፣ ሲመላለስበትም ይድናል። የተራበና የሰውነቱ ፕሮቲን ያነሰ እንስሳ ስፌቱ ቶሎ አይይዝም፤ ለሰውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለስላሳ ምግብ፣ ለምሳሌ የተቀቀለ ሩዝ ወይም ቀጠን ያለ ገንፎ ስብ ከሌለው የተቀቀለ ሥጋ ጋር፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው። የወጥ ትርፍራፊ አይሆንም። በርበሬው ይቅርና ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ። ይህ ለጤነኛ ውሻም ይሠራል።

ለሕመሙ ብሎ የሰው ክኒን መስጠትም ክልክል ነው። እኛ ለራስ ምታትና ለወገብ የምንውጣቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ስፌቱን እንዳይልስ ደግሞ ቂጡ የተቆረጠ አሮጌ የፕላስቲክ ባልዲ አንገቱ ላይ ቢጠለቅለት ከተማ ከሚሸጠው አንገትጌ የማይተናነስ ሥራ ይሠራል። ሁለት ሳምንት ያህል ታስሮ ይቆይ። ጅቡን ሌላ ሰው ይጠብቀው።

አሁን ሙዳይ ውስጥ ስላለው ካፕሱል እንነጋገር። የመጀመሪያው ነገር፣ ለሰው ተመጥኖ የተሠራ መድኃኒት በግምት ለውሻ አይሰጥም፤ የተረፈውም የማንንም በሽታ የሚጨርስ መጠን አይሆንም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላው ነው። ባክቴሪያ የተመጠነ መድኃኒት በበቂ መጠን ካገኘው ይሞታል። ሳያስፈልግ የተሰጠ ወይም በመሐል የተቋረጠ መድኃኒት ግን ደካማውን ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል። ብርቱውም ይራባል፣ መድኃኒቱንም ይለምዳል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰውና ውሻ ደግሞ ባክቴሪያ ይጋራሉ፤ በእጅ፣ በምንጣፍ፣ ሕፃኑ ውሻውን ነክቶ እጁን አፉ ሲያስገባ። ዛሬ ለውሻው ያለ ነገር የተሰጠው ካፕሱል ነገ ሕፃኑ ሳንባ ምች ሲይዘው አልሠራ ቢል ምንጩን ማን ያስታውሰዋል? እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ እንደሞቱ ተጠንቶ በ2022 ታትሟል። በአገራችንም እነዚህ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጡ ሕጉ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ እንዳለ ሱቁም እንዳለ መሆኑን ግን አንባቢ ያውቃል።

የምራትዎ ሆድ መታወኩም የዚሁ ውጤት ይመስለናል። ካፕሱሉ ክፉውን ከደጉ ሳይለይ የአንጀት ባክቴሪያን ሁሉ ስለሚመታ ተቅማጥ ያመጣል። አንዳንድ ሰው ደግሞ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ አይስማሙትም፤ ሰውነቱ ያሳክከዋል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ሲብስም ትንፋሹ ያጥረዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ በገጠር የምናየው ሌላ ልማድ አለ። ለላምና ለበሬ የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን በየቤቱ ተቀምጦ ይገኛል። ከብት ሲያነክስም፣ በግ ሲያስነጥስም፣ ውሻ ሲከሳም ይወጋል፤ ሰው የወጉበትም ቤት አይጠፋም። የታከመች ላም ወተት ደግሞ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ለተጻፈው ቀን ያህል ለሰው መጠጥ እንዳይውል መከልከል አለበት። ለሕፃናት ወተት የምታጠጣው፣ የምትንጠውና የምትሸጠው እናት ስለሆነች ባሏ ከብት ሲያስወጋ «ወተቱን ስንት ቀን ልተወው?» ብላ የመጠየቅ መብቱም ኃላፊነቱም አላት።

ደብዳቤው ስለ አንጀት ካነሳ አይቀር ስለ ሰውም ሳንናገር አናልፍም። የአንጀት መጠማዘዝ በአገራችን ለአንጀት መዘጋት ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ወንዶችን፣ በተለይም በዕድሜ የገፉትን ነው። ሆድ ድንገት እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ቁርጠት ይመላለሳል፣ ዓይነ ምድርም ፈስም ይቆማል፣ ከዚያ ማስመለስ ይከተላል። በዚህ ጊዜ ኮሶ ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት የተቋጠረን ቱቦ ከላይ እየሞሉ ማፈንዳት ነው። ባልዎ ወይም አባትዎ እንዲህ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ቶሎ ከደረሰ አንዳንዱ ሳይቀደድ በቱቦ ይፈታለታል። ከዘገየ ግን የተጠማዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ይበሰብስና ተቆርጦ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ መርፌውም ካፕሱሉም የሚያግዙት በጥቂቱ ነው።

ቡቺ ወደዚህ ነገር የገባው በቆረቆንዳ ነው። ቆረቆንዳ ጨጓራ ውስጥ አይፈጭም፤ ወደ ቀጭኑ አንጀት ወርዶ ይሰነቀራል። እሸት የበላ ቤተሰብ ቆረቆንዳውን በደጅ ከመበተን ለማገዶ ቢያደርቀው ይሻላል። የኮክ ፍሬ፣ የዶሮ አጥንት፣ የሥጋ ማሰሪያ ሲባጎ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ደግሞ የዓሣ ጭንቅላት ከነመንጠቆው እንዳይጥሉ ይጠንቀቁ። በግ ሲታረድ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መጣልም ፈጽሞ መቅረት አለበት። ያ ውሃ የቋጠረው ነገር የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የውሻ ትል ልጅ ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከውሻው ወጥቶ በእጅ ወይም በአትክልት ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በሰው ጉበት ውስጥ ዕባጭ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጉበት ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ስለ ቀረው ካፕሱል የጠየቁትን እንጨርስ። ለውሻውም፣ ለምራትዎም፣ ለጎረቤትም አይስጡት፤ ወደ ሐይቁም ወደ ወንዝም አይጣል። ሐይቅ ከተማ ለመጡ ጊዜ ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ ያስረክቡት፤ በአግባቡ ያስወግዱታል። የቡቺ የውጭ ስፌት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል። ልጅዎ ለዚህ ሲወስደው በዚያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወጋለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅልን።